ኤክሶፕላኔት ዋችን ሰመሩን ሙሉ ሞከርኩት፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

ኤክሶፕላኔት ዋች የሚባል የናሳ ፕሮግራም አለ። ነፃ ነው፣ ማንም ሰው መግባት ይችላል፣ ሥራው ደግሞ በሌሎች ኮከቦች ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን በትንሽ ቴሌስኮፕ መከታተል ነው። እኔ አውሮራ ኮሎራዶ ነው የምኖረው፣ የሥነ ፈለክ ትምህርት የለኝም፣ ቀን ሥራ እሄዳለሁ ማታ ማታ ሰማይ አያለሁ በቃ። ሰመሩን ሙሉ ተጠቀምኩበትና ጓደኞቼ ሁሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፣ ፕላኔቱን በዓይን አታዩትም። የምታዩት ኮከቡን ብቻ ነው። ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ትንሽ ግርዶሽ ይፈጠራል፣ የኮከቡ ብርሃን 1 ወይ 2 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ከ2 ከ3 ሰዓት በኋላ ተመልሶ እንደነበረው ይሆናል። እናንተ በዚያ ሰዓት ደጋግማችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ከዚያ ኤክሶቲክ የሚባለው ሶፍትዌር ከየፎቶው የኮከቡን ብርሃን ለክቶ ግራፍ ይሠራላችኋል። ግራፉ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ካለ ያ ጉድጓድ የፕላኔቱ ጥላ ነው።

ይሄ ነገር ትልቅ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል የሚል ካለ ታሪኩን ልንገረው። እንዲህ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘው ፕላኔት ኤችዲ 209458ቢ ነው፣ መስከረም 1999 እኤአ፣ የተያዘውም ብርሃን የሚገባበት አፉ 10 ሳንቲሜትር ብቻ በሚሰፋ ቴሌስኮፕ ነበር፣ ያውም እዚሁ ቦልደር ኮሎራዶ ላይ ሆኖ! ከቤቴ በመኪና ብዙም አይርቅም። ይሄን ሳነብ ነው በቃ እኔም እሞክረዋለሁ ያልኩት።

ቴሌስኮፕ ለሌለው ሰው በጣም የወደድኩት ነገር ያለሱም መጀመር መቻሉ ነው። አሪዞና ላይ የሃርቫርድና ስሚዝሶኒያን 15 ሳንቲሜትር ሮቦት ቴሌስኮፖች አሉ፣ እነሱ ያነሱትን ፎቶ ይሰጧችኋል። ኤክሶቲክም ኮምፒውተራችሁ ላይ ሳይጫን በብራውዘር ይሠራል። የመለማመጃው ዳታ ሃት-ፒ-32ቢ የሚባል ፕላኔት ነው፣ ከመቶ በላይ ፎቶ አለው። እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ያን ስሠራ አንድ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግራፉ ሲመጣ ግን ብድግ ነው ያልኩት። የብርሃኑ ቅናሽ 2 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ነጥቦቹ ተበታትነዋል፣ ግን ጉድጓዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ ወደ ራሴ ቴሌስኮፕ ዞርኩ። 50 ሚሊሜትር ስማርት ቴሌስኮፕ ነው፣ በስልክ የሚታዘዝ፣ አንድ እጅ የሚያነሳው። ሰከንድ ሃንድ ነው የገዛሁት፣ የሸጠልኝ ሰው እግሩ የላላ መሆኑን ስላልነገረኝ የመጀመሪያው ሳምንት በሱ አለቀ። የመረጥኩት ኮከብ ኤችዲ 189733 ነው። ከኛ 64 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ፕላኔቱ ከጁፒተር ትንሽ ይበልጣል፣ በ2.2 ቀን አንዴ ይዞራል፣ ግርዶሹም 2.4 ፐርሰንት ስለሆነ ለትንሽ ቴሌስኮፕ እንደሱ የሚመች ጥቂት ነው።

የመጀመሪያውን ማታ ምንም አላገኘሁም። ኮከቡ ብሩህ ስለሆነ ፒክስሎቹ ሞልተው ፈሰዋል፣ አንዴ ከሞላ ደግሞ ብርሃኑ ቢቀንስም ካሜራው አያውቀውም፣ ግራፉ ዝርግ መስመር ሆነ። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ፎከሱን ሆን ብሎ ትንሽ ማበላሸት። ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና እንደ ትንሽ ጠፍጣፋ ክብ ይሆናል፣ ብርሃኑ ብዙ ፒክስል ላይ ይበተናል፣ ያኔ አይሞላም። ለቆንጆ ፎቶ የለመደ ሰው ይከብደዋል እንጂ ለመለኪያ ይሄ ነው የሚሻለው። ሌላው፣ ፎቶው ውስጥ ብርሃኑ የማይለዋወጥ ማነጻጸሪያ ኮከብ መኖር አለበት፣ ስስ ደመና ሲያልፍ ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ፣ ፕላኔቱ ሲያልፍ ግን የራሱ ኮከብ ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ሁለተኛው ማታ ደመና። ሦስተኛው ማታ ተሳካ! ግርዶሹ ራሱ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ግን ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊትና ካለቀ አንድ ሰዓት በኋላም ማንሳት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ መደበኛው ብርሃን የቱ እንደሆነ አይታወቅም። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች፣ በረንዳ ላይ ቡና አፍልታ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም እስክንጨርስ ቴሌስኮፑ ይሠራል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሰዓት አንድ ኮከብ ብቻ ነው የሚያነሳው?» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ አንድ ኮከብ። በነጋታው ግራፉን ሳሳያት ጣቷን ጉድጓዱ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ነው ያለፈው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም በደንብ የገባኝ ያኔ ነው መሰለኝ። እኔ የለካሁት የብርሃን ቅናሽ 2.7 ፐርሰንት ነው የመጣው፣ የግርዶሹ መሃል ሰዓትም ከሚታወቀው በ4 ደቂቃ ገደማ ተለየ፣ ለ50 ሚሊሜትር በጣም ደስ ብሎኛል።

ስለ ቡና ካነሳሁ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ቡና የሚባል ኮከብ አለ፣ የሚዞረው ፕላኔት ስሙ አቦል ነው፣ በ2019 ኢትዮጵያ የሰጠችው ስም ሲሆን የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አጽድቆታል። ያን ማታ ሥራው ካለቀ በኋላ ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዙሬ ለእማዬ ኮከቡን አሳየኋት፣ በባይኖኩላርም ይታያል። አቦልን ግን በዚህ ዘዴ አታገኙትም፣ የተገኘው ኮከቡን ወዲያ ወዲህ ሲጎትተው ተለክቶ ነው፣ አንዴ ለመዞርም ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል።

ዳታችን ለምን ይፈለጋል ለምትሉ፣ የአንድ ፕላኔት ዙር በ1 ሰከንድ ብቻ ተሳስቶ ቢታወቅ ከ1000 ዙር በኋላ ስህተቱ ከ16 ደቂቃ በላይ ይሆናል። በ2 ቀን አንዴ ለሚዞር ፕላኔት 1000 ዙር ማለት 6 ዓመት እንኳን አይሞላም። ጠፈር ላይ እንዳለው እንደ ጄምስ ዌብ ዓይነት ቴሌስኮፕ ሰዓቱ ውድ ነው፣ ግርዶሹ መቼ እንደሚጀምር ሳይታወቅ መጠበቅ አይችልም፣ ስለዚህ እኛ ሰዓቱን እንጠብቅላቸዋለን። ውጤቱ የሚላከው በ1911 ለተመሠረተው የአሜሪካ ተለዋዋጭ ኮከቦች ተመልካቾች ማኅበር ነው፣ ዳታችሁ ጥናት ላይ ከዋለ ስማችሁ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይገባል።

ሰዓቱ በዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት የጋራ ሰዓት ነው የሚመዘገበው፣ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለኮሎራዶ ሐበሻ ግን በሰመር በጣም ቀላል ነው፣ የኛ አቆጣጠር ቁጥሩ ራሱ ነው! በፈረንጅ ማታ 9 ሰዓት ሲል እኛ 3 ሰዓት እንላለን፣ ዩቲሲም 3 ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊት ከሆነ ቀኑን ብቻ ወደ ነገ ማሳለፍ ነው። በዊንተር ሰዓቱ ሲቀየር ግን አንድ ጨምሩ።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። መመሪያው በአማርኛ የለም፣ ኮድ አይቶ ለማያውቅ ሰው የኤክሶቲክ ገጽ መጀመሪያ ያስፈራል፣ ምንም ኮድ ባትጽፉም። ፎቶዎቹን በጥሬው የሳይንስ ፎርማት ነው ማስቀመጥ ያለባችሁ፣ ቴሌስኮፑ አሳምሮ የሚያወጣው ፎቶ ለዚህ አይሆንም። መሬትን የሚያክል ፕላኔት ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ላይ እይዛለሁ ብላችሁም አትጠብቁ፣ ቅናሹ 0.01 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም፣ የኛ ድርሻ ግዙፎቹ ናቸው።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ክረምቱ ደመና ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ግን ሃት-ፒ-32 ማታ ማታ ከፍ ብሎ ይወጣል። ኮከቡ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ከ50 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ቴሌስኮፕ ቢገኝ ይሻላል፣ እስከዚያ በመለማመጃው ዳታ ጀምሩ፣ ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቼዋለሁ። ኤክሶቲክን ስትከፍቱ ግራ የገባችሁ ካለ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ማታ ደመና ከሆነ ቤት ነኝ፣ አብረን እንሠራዋለን።