ኮሄዚዮ፦ የአውሮፓ የክልል ልማት ገንዘብ የት ገባ?

የአውሮፓ ኅብረት ለክልሎች ልማት ያወጣው ገንዘብ ማን እጅ እንደገባ ለማየት ኮሄዚዮን የሚያህል ነጻ ድረ ገጽ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲከፈት የ27ቱን አባል አገሮች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ፕሮጀክቶች ይዞ ነው፤ መዝገቡ ከ2014 ይጀምራል። አገር፣ ክልል፣ ፈንድ (ገንዘቡ የወጣበትን ቋት) መርጦ መፈለግ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ጣጣው ቁጥሩን ማንበብ ላይ ነው። የፕሮጀክቱ ገጽ ጠቅላላ ወጪንና የኅብረቱን ድርሻ ለየብቻ ያወጣል። አይደምሯቸው፤ ሁለተኛው አንደኛው ውስጥ አለ። በ2021–2027 በጀት የፖርቱጋሉ አሌንቴዡ ከድሆቹ ክልሎች ስለሚመደብ የኅብረቱ ድርሻ ጣሪያ 85 በመቶ ነው፤ ሊዝበን ላይ 40። ጣሪያው የሚሰላው በእያንዳንዱ ፕሮጀክት ሳይሆን በፕሮግራሙ (ገንዘቡ በሚከፋፈልበት የአገር ወይም የክልል ዕቅድ) ውስጥ ባለው የሥራ ዘርፍ ደረጃ ስለሆነ፣ አንድ ፕሮጀክት ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያዩ ስሕተት ነው ብለው አይቸኩሉ።

ካርታው ደግሞ ያምራል እንጂ ያሳስታል። ብዙ ቦታ የሚካሄድ ሥራ በሕጉ መሠረት የሚመዘገበው በተቀባዩ ድርጅት አድራሻ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዋና ከተማ ያለ ድርጅት ገጠር ላይ ሲሠራ ነጥቡ ከተማው ላይ ይወድቃል። «ገንዘቡን ዋና ከተማው በላው» ከማለትዎ በፊት የፕሮጀክቱን መግለጫ ያንብቡ፤ ብዙው ግን በማሽን የተተረጎመ ስለሆነ ግራ ካጋባዎት ወደ ዋናው ቋንቋ ይመለሱ።

ለማኅበራቸው ድጋፍ የሚፈልጉ እዚህ ማመልከቻ አያገኙም። የሚመለከተው ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የአገሩ ወይም የክልሉ መሥሪያ ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው የሚመጣው ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ስለሆነ መነሻ ገንዘብ ከራስ ኪስ ነው።

ትልቁ ጥርጣሬ ከ2028 ጀምሮ ያለው ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን (የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል) በሐምሌ 2025 ያቀረበው ሐሳብ የክልልና የእርሻ ገንዘቡን አዋህዶ ለየአገሩ አንድ ዕቅድ ያደርጋል፤ ዛሬ ከ500 በላይ የሆኑት ፕሮግራሞች 27 ይሆናሉ፤ ክፍያውም ከደረሰኝ ይልቅ ከተደረሰበት ግብ ጋር ይታሰራል። የአውሮፓ ፓርላማና አባል አገሮቹ ካልለወጡት፣ አሌንቴዡ ስንት ደረሰው የሚለውን ጥያቄ ኮሄዚዮ እንደዛሬው መመለሱ ያጠራጥራል። የሚከታተሉት ክልል ካለ የ2014–2027ን ዝርዝር ከወዲሁ አውርደው ያስቀምጡ፤ ማነጻጸሪያ ያስፈልግዎታል።