ከሃዋርድ ሂውዝ የእንጨት አውሮፕላን ሥር

ሃዋርድ ሂውዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጠጉሩንና ጥፍሩን አሳድጎ፣ መጋረጃ ዘግቶ በሆቴል ክፍል ውስጥ የኖረውን ቢሊየነር ነው። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ከተማ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዘን፣ ማክሚንቪል የሚገኘውን ኤቨርግሪን የአቪዬሽንና የኅዋ ሙዚየም ከልጄ ጋር ከጎበኘሁ በኋላ ግን፣ ሰውዬውን ከአሟሟቱ ይልቅ ከእጁ ሥራ መረዳት እንደሚሻል አምኛለሁ።

ሂውዝ ያሠራው፣ ከውኃ ላይ የሚነሣው አውሮፕላን ኤች-4 ሄርኩለስ፣ በቅጽል ስሙ «ስፕሩስ ጉስ»፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 98 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በዙሪያው የቆሙት አውሮፕላኖች ከእናታቸው ሥር የተጠለሉ ጫጩቶች ይመስላሉ። ቅጽል ስሙ ስፕሩስ የተባለውን ዛፍ ቢጠራም በአብዛኛው የተሠራው ከበርች እንጨት ነው። ወደ ሆዱ ተጠግቼ መጋጠሚያውን ብፈልግ ዓይኔ ሊይዘው አልቻለም፤ ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው በሙጫ የተጣበቁ ሲሆን፣ ሙጫው እስኪደርቅ ያያዟቸው ምስማሮች ኋላ ተነቅለው ገጹ ልስልስ ብሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሉሚኒየም ለሌላ ሥራ ይፈለግ ስለነበር፣ 750 ወታደሮችን ጭኖ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ ውቅያኖስ እንዲሻገር የታሰበውን አውሮፕላን ከእንጨት መሥራት ግድ ሆነ። ሆኖም ሥራው ተጓትቶ ጦርነቱ ቀድሞ አለቀ።

ሂውዝ በ1947 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለአውሮፕላኑ የወጣው የመንግሥት ገንዘብ የት ደረሰ ተብሎ በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን፣ በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ወደብ፣ መሪውን ራሱ ይዞ አውሮፕላኑን ከውኃው 21 ሜትር ያህል አነሣውና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ አሳረፈው። አውሮፕላኑ ዳግመኛ ባይበርም፣ ሂውዝ በ1976 እስኪሞት ድረስ በከፍተኛ ወጪ ተጠብቆ ቆይቷል።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው እብደት ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን አልለውም። በ18 ዓመቱ የአባቱን የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ ፋብሪካ የወረሰው፣ በሆሊውድ ፊልም ያሠራው፣ በ1935 ከየብስ በሚነሣ አውሮፕላን በሰዓት 567 ኪሎ ሜትር በርሮ ክብረ ወሰን የሰበረው፣ በ1938 ዓለምን አራት ቀን ሳይሞላ የዞረው ይኸው ሰው ነው። በ1946 ቤቨርሊ ሂልስ ላይ ተከስክሶ ክፉኛ ከቆሰለ በኋላ የሕመም ማስታገሻ ተለይቶት አያውቅም። መጋጠሚያው እንዳይታይ የተጨነቀው ዓይን፣ ኋላ በየዕቃው ላይ ጀርም እየፈለገ ሂውዝን ራሱን ያሰቃየው ያው ዓይን ይመስለኛል፤ ስለዚህ በሕመሙ መሣቁን ትቼ አዝንለታለሁ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ክር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም ባለሙያና አስተዳደር ያቀረበው ቲ ደብልዩ ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ የድርጅቱ ዋና ባለድርሻ ሂውዝ ነበር። ይህን ለልጄ ስነግረው ቀና ብሎ ክንፉን እያየ «ታዲያ አባዬ፣ የእኛንም አውሮፕላኖች እሱ ነው የሠራቸው?» አለኝ። አለመሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹ ዳግላስ የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን አምራች ሥራ እንደነበሩና ስምምነቱም ከድርጅቱ ጋር እንጂ ከሂውዝ ጋር እንዳልነበረ አስረዳሁት።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ግማሽ ቀን ቢመድብ ጥሩ ነው፤ ኤስ አር-71 የተባለው የስለላ አውሮፕላን የቆመበትን ሁለተኛ ሕንፃም ሳይቸኩል ለማየት ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ሄርኩለስ ሆድ ሳይገቡ እንዳይመለሱ። ቢቀደድ እንኳ እንዳይሰጥም ተብሎ ከታች የታጨቁት የልጆች መጫወቻ የሚመስሉ የባሕር ዳርቻ ኳሶች እዚያ አሉ፤ ልጄ ከእነሱ አልነቀልም ብሎ ብዙ ቆየን።