ሲፓፕ በኢንተርኔት ወይስ ከአገር ውስጥ አቅራቢ፦ በጎንደር የሁለት መሣሪያዎች ግምገማ

በቤተሰባችን ውስጥ በአሁኑ ጊዜ ሁለት የሲፓፕ መሣሪያዎች፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እንዳይቋረጥ በማስክ በኩል አየር የሚሰጡ መሣሪያዎች፣ በሥራ ላይ ናቸው። አንደኛው አባቴ አሜሪካ የምትኖረውን እህቴን ሊጠይቁ በሄዱበት ጊዜ በኢንተርኔት ታዝዞ የተገዛ ሬስሜድ ኤርሴንስ 10 ሲሆን፣ ሁለተኛው አዘዞ የሚኖሩት አጎቴ ከአዲስ አበባ አስመጪ ጎንደር ባለው ወኪሉ በኩል የገዙት የቻይናው ቢኤምሲ ነው። ሁለቱንም የማጸዳው፣ ማጣሪያቸውን የምቀይረውና ችግር ሲገጥም የምሯሯጠው እኔ በመሆኔ፣ ሁለቱን የአገዛዝ መንገዶች በወረቀት ላይ ካለው ዋጋ አልፎ በአገልግሎት ዘመናቸው ለማወዳደር ዕድሉን አግኝቻለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መሣሪያውን ከውጭ ማስመጣት ያዋጣል፣ ማስኩን ግን ፊትን አይቶ ከሚያለብስ ሰው እጅ መግዛት ይሻላል፤ የአገር ውስጥ አቅራቢ የሚጠይቀው ተጨማሪ ዋጋም የሚገባው ከሽያጭ በኋላ ያለውን ክትትል በእርግጥ ሲሰጥ ብቻ ነው።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእንቅልፍ ላይ ጉሮሮ እየጠበበ ወይም እየተዘጋ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ክብደቱ የሚለካው በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም በእጅጉ እንደሚቀንስ በመቁጠር ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ተብሎ ይመደባል። ሲፓፕ በማስክ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት በመስጠት ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ዘዴውን አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረጉት ሲሆን፣ መሠረተ ሐሳቡ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። አባቴ እህቴ ቤት ሳሉ በተደረገላቸው የቤት ውስጥ ምርመራ ከባድ ከሚባለው ምድብ ገብተዋል፤ አጎቴ ደግሞ አዲስ አበባ ተመርምረው መካከለኛ ተብለዋል።

በዋጋ ረገድ ኢንተርኔቱ ያለ ጥርጥር ይረክሳል። አሜሪካ ውስጥ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል አዲስ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። አጎቴ የከፈሉት ገንዘብ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ሲሰላ ያው ሞዴል በኢንተርኔት ከሚጠራበት በግማሽ ያህል የበለጠ ነበር። አስመጪውን ለብቻው መውቀስ ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር ማለፉ፣ ከውጭ የሚገባ የሕክምና ዕቃ ሁሉ ላይ ያረፈ ጫና ነው። በሌላ በኩል እዚህ ጎንደር ፒያሳ ተቀምጦ በብር ካርድ ከውጭ ድረ ገጽ ላይ መግዛት ስለማይቻል፣ ለእኛ በኢንተርኔት መግዛት ማለት በተግባር በዘመድ ማስገዛት ማለት ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ይህን ርካሽ ዋጋ እንደ አማራጭ ሊቆጥረው አይችልም።

ዘመድ ያለውም ቢሆን ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በአሜሪካ ሕግ ሲፓፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። አባቴ እዚያው ተመርምረው እዚያው ማዘዣ ስለተጻፈላቸው ነገሩ ቀለለ እንጂ፣ ጎንደር ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ እህቴ በስሟ ልትገዛላቸው አትችልም ነበር። በአውሮፕላን ሲመጣም ማዘዣውንና ደረሰኙን ከመሣሪያው ጋር በእጅ መያዝ ይገባል፤ በጉምሩክ በኩል ዕቃው ለንግድ ሳይሆን ለራስ ሕክምና የመጣ መሆኑን የሚያስረዳው ይኸው ወረቀት ነው። ተጨማሪ የሊቲየም ባትሪ የሚያመጣ ሰው ደግሞ ባትሪውን በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳያስገባ፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነም የአየር መንገዱን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ማስኩ ልመለስ፤ በእኔ ግምት የሁለቱ መንገዶች ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ጢማቸውም ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሻጩ በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው መለኪያ የአፍንጫን ስፋትና ከአፍንጫ እስከ አገጭ ያለውን ርቀት ይጠይቃል፤ ስለ ጢም ግን አንድም ጥያቄ የለውም። በልኩ መሠረት የመጣው ማስክ አፍንጫንና አፍን አብሮ የሚሸፍነው ዓይነት ነበርና፣ የሲሊከኑ ጠርዝ ከቆዳ ጋር ሳይሆን ከጢም ጋር እየተገናኘ ሌሊቱን ሙሉ አየር ያፈስስ ነበር። ግፊቱ ሲጨምር ድምፁ ያፏጫል፣ አየሩም ወደ ዓይን እየወጣ ያደርቃል። አንዳንድ የአሜሪካ ሻጮች ማስክ ያልተስማማውን ደንበኛ በ30 ቀን ውስጥ እንዲለውጥ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ቸርነት ግን ጎንደር ለገባ ማስክ የሚጠቅም አይደለም።

የአጎቴ ወኪል ያደረገው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ሦስት ዓይነት ማስኮችን ይዞ ቤት ድረስ መጣ፤ አጎቴን ተቀምጠው ሳይሆን በጀርባቸውና በጎናቸው አስተኝቶ፣ መሣሪያውን በሚሠራበት ግፊት ከፍቶ እያንዳንዱን ሞከረላቸው። ማስክ ተቀምጦ ሲለካ ልክ መስሎ ሲተኙበት የፊት ጡንቻ ስለሚላላ ሊያፈስስ ይችላልና፣ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። በዚያው ዕለት አባቴም እዚያ ነበሩ። ወጣቱ ችግሩን ሲሰማ «መምሬ፣ ጢምዎን አይንኩት፤ ሌላ እንሞክራለን» ብሎ ወደ አፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚገባውን ትንሹን ማስክ አለበሳቸው። ጢሙ ሳይነካ ፍሳሹ ቆመ። አባቴ በአፋቸው የመተንፈስ ልማድ ስለሌላቸው ተስማማቸው እንጂ፣ አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው ይህ ዓይነቱ ማስክ ብቻውን አይበቃም።

ከዚህ ውስጥ ለገዢ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር ይወጣል። የአብዛኞቹ ማስኮችና ቱቦዎች መገጣጠሚያ 22 ሚሊሜትር የሆነ የተለመደ ልክ ስለሆነ፣ የአንዱ ፋብሪካ ማስክ ከሌላው ፋብሪካ መሣሪያ ጋር ይሠራል። የአባቴ ሬስሜድ ዛሬ የሚሠራው ከአገር ውስጥ በተገዛ የሌላ ፋብሪካ ማስክ ነው፤ በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ የማስኩን ዓይነት መቀየር ብቻ ነበር የቀረን። ስለዚህ መሣሪያንና ማስክን ከአንድ ቦታ የመግዛት ግዴታ የለም። ሻጮች ይህን በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ግን አልሰማሁም።

በግፊት ማስተካከል ላይ ግን አቅራቢው የማስኩን ያህል ሊመሰገን አይገባውም። እነዚህ መሣሪያዎች ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት መስጠት የሚችሉ ሲሆኑ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰፊ ክልል ላይ እንደተቀመጡ ይመጣሉ። የአጎቴም እንዲሁ ተትቶ ነበር። በ4 ሲጀምር ትልቅ ሰውነት ላለው ሰው አየሩ ስለሚያንስ፣ አጎቴ «የታፈንኩ ይመስለኛል» እያሉ እኩለ ሌሊት ላይ ማስኩን ያወልቁ ነበር። ወኪሉ ሲጠየቅ ወደ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባም ሲጠየቅ ወደ ወኪሉ እየመራ ነገሩ ተጓተተ፤ በመጨረሻ ሐኪማቸው የመሣሪያውን መረጃ አይተው መነሻው ወደ 7 ከፍ እንዲል አዘዙ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ይጠቀሙበታል። የአባቴ መሣሪያ በማዘዣው ላይ በተጻፈው ክልል ተስተካክሎ ስለመጣ ይህ ችግር አልነበረበትም። ዋጋው የጨመረው ለአገልግሎት ነው የሚል አቅራቢ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ወር የመሣሪያውን የመረጃ ካርድ አንብቦ ውጤቱን ለሐኪም የማድረስ ግዴታውን በውሉ ላይ እንዲያሰፍር መጠየቅ አለበት።

ካርዱን ማንበብን በተመለከተ፣ ኤርሴንስ 10 የየሌሊቱን ዝርዝር በኤስዲ ካርድ ላይ ስለሚመዘግብ ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜም መረጃው አይጠፋም። እኔ ኦስካር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በላፕቶፕ ላይ ጭኜ እመለከተዋለሁ፤ ማስኩ ምን ያህል እንደሚያፈስስና በሰዓት የቀረው የትንፋሽ መቋረጥ ከ5 በታች መሆኑን ያሳያል። ግፊቱን ግን በራሴ አልነካም፤ ማንም ሰው በግምት እንዲነካው አልመክርም።

ስለ ዋስትና ገዢዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። የሬስሜድ መመሪያ መጽሐፍ ላይ መሣሪያው መጀመሪያ ከተገዛበት ክልል ውጭ ከተሸጠ ዋስትናው እንደሚሻር፣ የዋስትና ጥያቄም በተገዛበት ቦታ መቅረብ እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ የአባቴ መሣሪያ ዋስትና ያለው እህቴ ዘንድ እንጂ ጎንደር አይደለም። የአጎቴ መሣሪያ የኃይል አስማሚ መብራት ሄዶ ሲመለስ በተፈጠረ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲቃጠል፣ አቅራቢው ይህ በዋስትናው አይካተትም ብሎ ግማሽ ዋጋ ቢያስከፍልም ምትኩን አምጥቷል። ቢዘገይም መጣ፤ የአባቴ ቢቃጠል ኖሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነበረብን።

የኤሌክትሪክ ጉዳይ ለሁለቱም እኩል ነው። የሬስሜድ አስማሚ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የአሜሪካው መሣሪያ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው። ትራንስፎርመር ግድ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠመ መተው ነው፤ ስታብላይዘር ግን በእውነት ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሰው ይታፈናል የሚል ፍርሃት አጎቴን ብዙ አስጨንቋቸው ነበር፤ ማስኮቹ የአየር መውጫ ቀዳዳ፣ አፍን የሚሸፍኑትም ለዚሁ የሚከፈት ቫልቭ ስላላቸው ፍርሃቱ መሠረት የለውም። በባትሪ ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው አየሩን የሚያረጥበውን የውሃ ማሞቂያ ቢያጠፋ ባትሪው በጣም ይቆይለታል።

ሁለቱም ሻጮች ያልነገሩን አንድ ጉዳይ ከፍታ ነው። ኤርሴንስ 10 የተሠራው እስከ 2,591 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠራ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚህ ችግር የለም፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ላለችው ደባርቅ ነዋሪ ግን ከመግዛቱ በፊት የመሣሪያውን የከፍታ ገደብ መጠየቅ ግድ ይለዋል።

ለአየር ማርጠቢያው የሚሆነው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጀርሙን ቢገድልም ማዕድኑ ስለማይወጣ ገንዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ከመኪና መለዋወጫ መደብር የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ደግሞ ለመተንፈሻ ስላልተዘጋጀ አይታሰብ። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አባቴ ያለ ውሃ ይጠቀማሉ። ማጣሪያው ቢያንስ በየስድስት ወሩ እንዲቀየር ይመከራል፤ በበጋው አቧራና በከሰል ጭስ ምክንያት እኛ ከዚያ በጣም ቀድመን እንለውጠዋለን። መሣሪያውን ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ማራቅም ይጠቅማል።

በቴሌግራም የሚሸጡ ያገለገሉ መሣሪያዎችን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ዓ.ም. ከሚያዝያ 26 ቀን 2021 በፊት የተሠሩ ድሪምስቴሽንና ሌሎች በርካታ መሣሪያዎቹን፣ ድምፅ ለመቀነስ በውስጣቸው የገባው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ መተንፈሻ ሊገባ ስለሚችል ከገበያ ሰብስቧል። ከእነዚህ መካከል አንዱ በሻንጣ ተጭኖ እዚህ ቢደርስ ከውጭ ሲታይ አዲስ ሊመስል ይችላልና፣ የተሠራበት ቀንና የመለያ ቁጥሩ ያልታወቀ ዕቃ ምንም ቢረክስ መግዛት አይገባም።

ከእንግዲህ የምንከተለውን አሠራር ወስነናል። የሁለቱም ማስክ ትራሶች (ከፊት ጋር የሚገናኙት ለስላሳ ክፍሎች) እና ተራ ቱቦዎች ጎንደር ካለው ወኪል ይገዛሉ፤ የአባቴ መሣሪያ ማጣሪያና የሚሞቀው ቱቦ ግን ለዚያ ዓይነት መሣሪያ የተሠሩ ስለሆኑ እህቴ በመጣች ቁጥር ይዛ ትመጣለች። አጎቴም መሣሪያቸው ሲያረጅ ከዚያው አቅራቢ ለመግዛት አስበዋል፤ የካርድ ንባቡ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን ቅድሚያ ክፍያ እንደማይከፍሉ ለወኪሉ ከወዲሁ ነግረውታል።