የፓርክ ሂል ጎልፍ ክለብ መሬት፦ የዴንቨር ከተማ የነዋሪዎቿን ስጋት የመዘነችበት ሚዛን

በዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ በኮሎራዶ ቡሌቫርድ ከ35ኛው ጎዳና ወደ 40ኛው የሚነዳ ሰው በቀኙ ለዓመታት ሲያይ የኖረው የሽቦ አጥርና ከአጥሩ ጀርባ ውኃ ያጣ ቢጫ ሣር ነበር። 155 ኤከር፣ በሄክታር 63 ገደማ የሚሆነው ይህ ቦታ የፓርክ ሂል ጎልፍ ክለብ ሜዳ ሲሆን፣ ክለቡ በ2018 መጨረሻ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ይሠራበት ወይስ አይሠራበት በሚል ከተማው ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶበታል (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እኔ እዚህ የምገመግመው ሜዳውን ሳይሆን አስተዳደሩ የሕዝቡን ስጋት ተቀብሎ ያስተናገደበትን አገልግሎት ነው። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፤ ሦስተኛዋንም የሰጠሁት እያመነታሁ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1997 ነው። በዚያን ጊዜ መሬቱ፣ ጆርጅ ክሌይተን የተባለ የዴንቨር ነጋዴ ለወላጅ አልባ ልጆች በተናዘዘው ሀብት የቆመ የአደራ ንብረት ነበር። ከተማው ለባለአደራዎቹ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ግንባታን የሚከለክል የጥበቃ ውል አገኘ። መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ቀረ፤ የመገንባት መብቱን ግን ሕዝቡ በግብሩ ገዛው ማለት ነው። በ2019 ዌስትሳይድ የተባለው አልሚ ድርጅት መሬቱን በ24 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ይህ ማሰሪያ እንዳለበት እያወቀ ነው የገዛው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እየተባለ ላደገ ሰው የተቃዋሚዎቹ ቁጣ እንግዳ አይሆንበትም። ከተቃዋሚዎቹ ፊት ከተሰለፉት አንዱ ውሉ በተገባበት ዘመን ከንቲባ የነበሩት ዌሊንግተን ዌብ መሆናቸውም ክርክሩን ከሠፈር ጭቅጭቅ ከፍ አድርጎታል።

የደጋፊዎቹም ወገን ባዶ እጁን አልመጣም። አልሚው 100 ኤከር ያህሉን መናፈሻ አድርጎ በቀረው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ለመሥራት፣ ከእነዚህም ሩቡን ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች ለመመደብ፣ በተጨማሪም አካባቢው ሲጠይቀው የኖረውን ግሮሰሪ ለማምጣት ቃል ገብቶ ነበር። (ግሮሰሪ ስል የአገር ቤቱን ቢራ መሸጫ ማለቴ ሳይሆን አትክልትና ሥጋ የሚገዛበትን ትልቅ ሱቅ ነው።) ሰሜን ምሥራቅ ፓርክ ሂል የጥቁር አሜሪካውያን ነባር መኖሪያ ነው፤ የቤት ዋጋ እየናረ ልጆቻቸው ከተወለዱበት ሠፈር ሲወጡ ያዩ እናቶችና አባቶች በሁለቱም ጎራ ነበሩ። በምርጫው ሰሞን በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቤቶች ደጅ፣ በአንደኛው ሣር ላይ «አዎ» በሌላኛው «አይ» የሚሉ ሰሌዳዎች ተተክለው አይቻለሁ፤ ሁለቱም ቤቶች የሚሰጉት ግን ያንኑ መፈናቀል ነበር።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አስተዳደሩ በ2021 የነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁሞና መጠይቅ በትኖ የሰዉን ሐሳብ መሰብሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ የጥበቃ ውሉ ይነሳ ወይስ ይጽና የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ «ምን ዓይነት ልማት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሽማግሌ ሳይልኩ የሠርግ ድንኳን እንደ መትከል ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሁለት ተፎካካሪ ጥያቄዎች ለድምፅ ቀርበው፣ በእንዲህ ያለ ውል በተጠበቀ መሬት ላይ ያለ ሕዝብ ድምፅ አይገነባም የሚለው አለፈ። ከዚያም ሚያዝያ 4 ቀን 2023 የአልሚው ዕቅድ ራሱ ለሕዝብ ቀርቦ ከ10 መራጮች 6 ያህሉ ውድቅ አደረጉት። የድምፅ መስጫው ወረቀት ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዛፍና ጥላ፣ ስለ ትራፊክና ስለ ተገባው ቃል ያሉትን አራት የተለያዩ ጭንቀቶች በአንድ «አዎ» ወይም «አይ» ጠቅልሏቸዋል። የወርቅ መመዘኛው ሚዛን ባለበት አገር በጤፍ ኩንታል ሚዛን መዘኑን ያሰኘኝ ይህ ነው።

ሌላው የሚከነክነኝ ሚዛኑ ላይ ያልወጡት ሰዎች ጉዳይ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው ባቡር በ2016 ሥራ ሲጀምር ከሜዳው ጥግ ብዙም ሳይርቅ ጣቢያ ተከፍቶለታል። በአውሮፕላን ማረፊያው በፈረቃ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ በአጎራባቿ ከተማ በአውሮራ አፓርታማ ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ በሩብ ድርሻው ሊሠሩ ከታሰቡት ቤቶች አንዱን ያገኘ ሰው ለፈረቃው መኪና ባላስፈለገው ነበር። የአውሮራ ነዋሪ ግን በዴንቨር ምርጫ ድምፅ የለውም። ድምፅ የሰጠው ቀድሞ የገባው ነው፤ ሊገባ የሚፈልገውና ኪራይ ገፍቶት የወጣው አልተቆጠሩም። ይህን ስል ተቃዋሚዎቹ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ እኔም ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ፣ ውሉ ያለ በቂ ካሣ እንዳይፈርስ ስል ከነሱ ጋር መቆሜ አይቀርም ነበር።

ሦስተኛዋን ኮከብ ያስገኘው በጥር 2025 የተገለጸው የመሬት ልውውጥ ነው። ከተማው በአዳምስ ካውንቲ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ያለውን 145 ኤከር ለአልሚው ሰጥቶ 155ቱን ኤከር ለሕዝብ መናፈሻ እንዲወስድ ተስማሙ። አልሚው ባዶ እጁን ሳይቀር፣ የ1997ቱም ቃል ሳይፈርስ መገላገል መቻሉ ብልሃት ነው፤ ለምን ከሁለቱ የድምፅ ዘመቻዎች በፊት እንዳልታሰበ ግን አስተዳደሩን መጠየቅ ይገባል። መናፈሻውን ለማየት የሚሄድ ሰው በባቡር ሄዶ 40ኛውና ኮሎራዶ ጣቢያ ቢወርድ ይቀለዋል፤ በበጋ ውኃና ባርኔጣ ይያዝ፣ ሜዳው ሰፊ ነውና ጥላው አይበቃም። ለራት የሚሆነውን አትክልት ግን ከሌላ ሠፈር ገዝቶ ይመለስ፤ ተስፋ የተሰጠበት ግሮሰሪ ከቤቶቹ ጋር አብሮ ቀርቷል።