የአስተውሎት ሥልጠና በደብረ ብርሃን፦ ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ አገልግሎት ሲገመገም

ሕመምተኛን ወይም አቅመ ደካማ አረጋዊን በቤታቸው ለሚያስታምሙ ሰዎች ታስቦ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ለስምንት ሳምንታት የሚሰጠውን የአስተውሎት፣ ማለትም ትንፋሽንና ሐሳብን ልብ ብሎ የማየት፣ ሥልጠና ተከታትዬ ጨርሻለሁ። እኔም አልጋ ላይ የዋሉ አባቴን የማስታምም በመሆኔ ሥልጠናውን የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሊሞት ከተቃረበ ሰው አጠገብ በሚገባ መቀመጥን ያስተምራል ወይስ አያስተምርም? የአዘጋጆቹን ስም የማልጠቅሰው ከታች የማነሣቸው ጉድለቶች እንዲታረሙ እንጂ የማንም ስም እንዲጎድፍ ስለማልሻ ነው።

የስምንት ሳምንቱ አወቃቀር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕክምና ሊያስታግሰው ላልቻለ የቆየ ሕመምና ለጭንቀት የጀመሩት መርሐ ግብር ነው። እርሳቸው ከቡድሃ እምነት ተከታዮች የተማሩትን የተመስጦ ልምምድ ሃይማኖታዊ ሥርዓቱን ትተው ወደ ሆስፒታል አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የተስፋፋው ይኸው ዓይነት ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው ልምምዱ ከየት እንደመጣ በግልጽ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በመነሻው ላይ ትልቅ ቦታ የነበረው ሞትን የማሰብ ልምምድ ነው። የደብረ ብርሃኑ ሥልጠና ሁለቱንም አለመጣሉ ከሁሉ በፊት ሊመሰገንበት ይገባል።

አሠልጣኟ በመጀመሪያው ምሽት፣ ገና መቀመጫችንን ሳናደላድል፣ የምንማረው ነገር ሥሩ የቡድሃ ትምህርት መሆኑን በግልጽ ነገሩን። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ታዲያ ይህ ጸሎት ነው? የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?» ብለው ጠየቁ። አሠልጣኟም፣ «እማማ፣ ጸሎት አይደለም፤ ጸሎትዎንም አይተካም። ትንፋሽዎንና ሐሳብዎን ልብ ብሎ የማየት ልምምድ ነው፤ ቅር ካልዎት ግን አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ እኔ አልቀየምም» በማለት መለሱላቸው። እናቲቱ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መጡ። የሰውን እምነት ሳይነካ፣ የራሱንም ምንጭ ሳይደብቅ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ያተኩራሉ። በቡድሃ ትምህርት ውስጥ አስተውሎት በአራት መስኮች ይለማመዳል፤ በሰውነት፣ በስሜት፣ በአእምሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም ወደ አእምሮ በሚመጡና በሚሄዱ ነገሮች ላይ። አሠልጣኟ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመዘርገፍ ይልቅ በቤታችን ከምናውቀው ሥራ ጀመሩ፤ ቡና ስንቆላ ሽታውንና ድምፁን መከተል፣ ውሃ ስንቀዳ እጃችን ላይ የሚያርፈውን ክብደት ማየት፣ ወደ ገበያ ስንወጣ እግራችን መሬት ሲነካ ማወቅ። ይህ ክፍል ለአስታማሚ ያለው ጥቅም ወዲያው ይታያል። አልጋ ላይ የሚውል ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ሥራው ከመደጋገሙ የተነሣ እጅ ብቻውን የሚሠራው፣ ልብ ግን ሌላ ቦታ የሚውልበት ሥራ ነው። በልምምዱ ወቅት አባቴን ሳገላብጥ ትከሻቸው ከመነካቱ በፊት ትንፋሻቸውን እንደሚይዙ አየሁ። ሕመሙ የት እንዳለ የሚናገረው ያ የተያዘ ትንፋሽ ነበር፤ አባቴ ራሳቸው «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ አይናገሩምና። አጥሚት ሳጠጣቸውም አንዱን ጉንጭ ውጠው እስኪጨርሱ ጠብቆ ሌላውን ማቅረብ፣ ትን እንዳይላቸው ከማድረጉ በላይ፣ የመከበር ስሜት እንደሚሰጣቸው ፊታቸው ይመሰክራል።

ሥልጠናው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ስለ ሞት የሚያስተምረው ክፍል ይመጣል፤ ከጠቅላላው ሥልጠና የላቀውም ይህ ነው። አሠልጣኟ ቡድሃ መነኩሴም ሆነ ባለትዳር ዘወትር እንዲያስባቸው ያስተማራቸውን አምስት ነገሮች አቀረቡ፤ ማርጀቴ አይቀርም፣ መታመሜ አይቀርም፣ መሞቴ አይቀርም፣ ከምወዳቸው ሁሉ መለየቴ አይቀርም፣ የራሴ የሆነው ሥራዬ ብቻ ነው። ቀጥለውም ቡድሃ ደቀ መዛሙርቱን ሞትን እንዴት እንደሚያስቡ የጠየቀበትን ታሪክ ተረኩ። አንዱ ምነው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በኖርኩ ብሎ እንደሚያስብ፣ ሌላው አንድ ማዕድ በልቶ እስኪጨርስ፣ ሌላው አንድ ጉርሻ አላምጦ እስኪውጥ፣ የመጨረሻው ደግሞ ትንፋሽ ወስዶ እስኪመልስ ድረስ ብቻ እንደሚያስብ ይናገራሉ። ቡድሃም በእውነት ያስተዋሉት ስለ አንድ ጉርሻና ስለ አንድ ትንፋሽ የተናገሩት መሆናቸውን፣ የቀሩት ግን ገና በቸልታ ውስጥ እንዳሉ ነገራቸው። ትንፋሹ እየከበደ የሚሄድን ሰው ለሚጠብቅ አስታማሚ ይህ ሩቅ ፍልስፍና አይደለም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የአናንዳ ታሪክ ነው። አናንዳ ቡድሃን ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ደቀ መዝሙር ነው። ቡድሃ በ80 ዓመቱ ኩሲናራ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ለመሞት ሲቃረብ አናንዳ ገለል ብሎ ወደ ማደሪያው ገባና በሩን ተደግፎ አለቀሰ፤ መምህሬ ሊለየኝ ነው፣ እኔ ግን ገና ብዙ ይቀረኛል ይል ነበር። ቡድሃ አስጠራው፤ ከሚወዱት መለየት እንደማይቀር አስቀድሞ አስተምሮት እንደነበር አስታወሰው፤ በሥራው፣ በቃሉና በልቡ በፍቅር እንዳገለገለውም በሌሎቹ ፊት መሰከረለት። አሠልጣኟ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። የሚያስተምሩት ለሕመምተኛ ሳይሆን ለአስታማሚ ነበርና፣ አስተውሎት ማለት እንባን መከልከል እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ የተሻለ የሚያስረዳ ሊያገኙ አይችሉም ነበር።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ሞትን ዘወትር ማሰብ እንግዳ ትምህርት አይደለም። እንደ ደብረ ሊባኖስ ባሉ ገዳማት መነኩሴ ሲመነኩስ ለዓለም እንደሞተ ተቆጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ በየቤታችንም ሽማግሌዎች መገነዣቸውን አዘጋጅተው ሣጥን ውስጥ ያኖራሉ። ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። የቡድሃ ትምህርት ፈጣሪን መሠረት አያደርግም፤ ከሞት በኋላም ሞቶ ደጋግሞ ወደዚህ ዓለም ስለ መወለድ ዑደትና ከዚያ ስለ መውጣት ይናገራል። የእኛ ተስፋ ትንሣኤ ነው። አሠልጣኟ ይህን ልዩነት ለማለስለስ አለመሞከራቸው የበለጠ እንድናምናቸው አድርጎናል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ፤ የመጀመሪያው ከባድ ነው። ሞትን የማሰብ ልምምድ የሚሰጠው ለሁሉም በአንድነት፣ ያለ ምንም ቅድመ ማጣሪያ ነው። በእኛ ዙር ከል የለበሰች፣ የእናቷ አርባ ያልወጣ አንዲት ወጣት ነበረች። ዓይናችንን ጨፍነን የምንወዳቸውን ሰዎች መለየት እንድናስብ ስንታዘዝ እያለቀሰች ወጣች፤ ተከትሎ የወጣላትም ከእኛ ከሠልጣኞች አንዱ እንጂ ከአዘጋጆቹ ማንም አልነበረም። አዲስ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ዕድርተኛው፣ ጎረቤቱና የልቅሶው ሥርዓት የሚሰጡት መጽናናት አለ፤ በዚያ ወቅት ይህን ልምምድ ማሠራት ቁስልን መነካካት ነው። በምዝገባ ጊዜ በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት መኖሩን መጠየቅና እንዲህ ላለው ሰው ያንን ምሽት እንዲያልፍ ወይም ሌላ ዙር እንዲጠብቅ መንገር ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጉድለት ከአኗኗራችን ጋር የተያያዘ ነው። በእኛ ዘንድ የሕመሙ ክብደት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለቤተ ዘመድ እንጂ ለሕመምተኛው አይደለም፤ መርዶም ቢሆን ጊዜው ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ሥልጠናው ግን ሕመምተኛው ሊሞት መቃረቡን እንደሚያውቅ አድርጎ ይነሣል። ቤተሰቡ ሊነግረው ያልፈቀደ ሕመምተኛ፣ «ልጄ፣ እድን ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ ከፊቱ የተቀመጠ አስታማሚ ምን ይበል? አንዲት ነርስ ይህንኑ ጠየቀች፤ የተሰጣት መልስ «ትንፋሽሽን ተከተዪ» የሚል ነበር። ትንፋሽ መከተል ድንጋጤን ያበርዳል፤ ሊዋሽም ሊናገርም ለማይችል ሰው ግን አንደበት አይሆንም። የንስሐ አባት መቼ እንደሚጠራ፣ ከቤተሰቡ ማን እንደሚናገር፣ ሕመምተኛው ራሱ ለማወቅ እንደሚፈልግ በምን እንደሚታወቅ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ምሽት ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ክፍያው ከአንድ ጥሩ ጋቢ ዋጋ አይበልጥም። የደብረ ብርሃን ምሽት ብርዱ የታወቀ ሆኖ ሳለ አዳራሹ ማሞቂያ የለውም፤ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም ማለት ስላለ ወፍራም ልብስ ደርቦ መሄድ ያስፈልጋል። መሬት መቀመጥ ግዴታ አለመሆኑ ለአረጋውያን መልካም ነው። በቤት የሚደመጠው የልምምዱ የድምፅ ቅጂ ግን በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ በመሆኑ ከተሳታፊው ግማሽ ያህሉን አይጠቅምም።

ለማን ይሆናል ብትሉኝ፣ ወላጁን ወይም የትዳር ጓደኛውን ለረጅም ጊዜ ለሚያስታምም ሰው እንዲሁም ለነርሶች ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን ቢያንስ አርባው እስኪወጣ እንዲቆይ እላለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ስለ ሞት በሚሰጠው ምሽት አሠልጣኟን የሚያግዝ ሁለተኛ ሰው መኖሩን፣ በአማርኛ የሚቀዳው ድምፅም መድረሱን። አዘጋጆቹ የአማርኛውን ቅጂ በስልክ ሚሞሪ ካርድ ጭነው ለማደል ቃል ገብተዋል፤ ይህ ከተፈጸመ ከደብረ ሲናና ከመንዝ በየሳምንቱ መመላለስ ለማይችሉ አስታማሚዎችም ይደርሳል።