ስምንት ወር ከፕሌይራይት ጋር፦ በቅጽ ላይ የተሞላውን ስለመፈተሽ

በደብረ ብርሃን ለገበሬ ማኅበራት የአባላት መመዝገቢያ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገውን፣ ድረ ገጾችን በራሱ እየከፈተ የሚፈትሸውን ፕሌይራይት የተባለ መሣሪያ መጠቀም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ቀድሞ የምንፈትሸው ሴሌኒየም በተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ ነበር። የምጽፈው በቅጹ ሳጥኖች ውስጥ ያለውን ይዘት ስለሚያረጋግጥበት መንገድ ብቻ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፍተሻዎቻችን በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ፤ ማለትም ሁሉም ያልፉ ነበር። አንድ ቀን መዝጋቢዋ የአንድን አባል ወረዳ ከባሶና ወራና ወደ አንጎለላና ጠራ ስትቀይር ስልክ ቁጥሩ ከሳጥኑ እንደሚጠፋ ነገረችኝ፤ ፍተሻው ግን ቁጥሩ አለ ይል ነበር። ምክንያቱ ከሴሌኒየም እንዳለ የገለበጥኩት ጌትአትሪቢዩት የሚለው መስመር ሆኖ ተገኘ። በሴሌኒየም ይህ ትእዛዝ ስለ ቫልዩ (ስለ ሳጥኑ ይዘት) ሲጠየቅ በሳጥኑ ውስጥ አሁን ያለውን ይመልሳል፤ በፕሌይራይት ግን የሚመልሰው ገጹ ሲከፈት በኤችቲኤምኤሉ (ገጹ በተጻፈበት ኮድ) ላይ ተጽፎ የመጣውን ነው። መመሪያውን ሳላነብ መገልበጤ የራሴ ጥፋት ነው።

አሁን የምጠቀመው ቱሀቭቫልዩ የተባለውን የፕሌይራይት ማረጋገጫ ነው። የሚጠበቀው ይዘት እስኪገኝ ደጋግሞ ያያል፤ ልማዳዊው የጥበቃ ጊዜ 5 ሰከንድ ነው፣ በእኛ ኢንተርኔት ስላልበቃ ወደ 15 አሳድጌዋለሁ። ኢንፑትቫልዩ የተባለው ትእዛዝ በአንጻሩ ሳጥኑን ካገኘ በኋላ አንዴ አንብቦ ያልፋል። ፍተሻው በሚጻፍበት በጃቫስክሪፕት አዌይት («ጠብቅ») የሚለውን ቃል መርሳት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ማረጋገጫው ሳይጠናቀቅ ፍተሻው ሊያልፍ ይችላል፣ እኔንም ሁለት ጊዜ አታሎኛል። ከተቆልቋይ ዝርዝር የሚመለሰው የምርጫው ውስጣዊ ኮድ እንጂ ዓይን የሚያየው የወረዳ ስም አለመሆኑንም ልብ ይሏል።

የግእዝ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ለማሽኑ «ዓለሙ» እና «አለሙ» ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ገጻችን ሲመዘግብ ሞክሼ ፊደላትን ስለሚያስማማ፣ ፍተሻው የሚጠብቀውም የተስማማውን አጻጻፍ መሆን አለበት። ከዚህ የባሰው በላቲን ቁልፍ የተጻፈውን ወደ ፊደል የሚቀይረው የገጻችን ክፍል ነበር፤ ፊል የተባለው ትእዛዝ ጽሑፉን በአንዴ ስለሚያስገባ የቁልፍ ምት የሚጠብቀው መቀየሪያ ጨርሶ አይነቃም። ፕረስሲኩዌንሺያሊ የተባለው ትእዛዝ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየመታ ሲጽፍ ግን «ሸዋ» በትክክል ይወጣል፤ ዘገምተኛ ስለሆነ የማውለው ለዚሁ ሳጥን ብቻ ነው።

ወደ ሴሌኒየም አልመለስም። ገና ያልተዛወሩ ፍተሻዎች ቢኖሩም፣ ጌትአትሪቢዩት የሚለውን ቃል ፈልጌ ሳልተካ አንዱንም አላስገባም።