ሞለኪውሎቻችንን ላሳረፈልን ባለሙያ

ለማስተማሪያ የምንጠቀምባቸውን የሞለኪውል ማሳያ ስክሪፕቶች (ፕሮግራሙ በተራ እያነበበ የሚፈጽማቸው የትእዛዝ ፋይሎች) ላስተካከለልን የሶፍትዌር ባለሙያ ምስጋናዬን በይፋ ማቅረብ እወዳለሁ። ስሙ በአደባባይ እንዳይነሳ ስለጠየቀኝ አልጽፈውም፤ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሰው ግን በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ጄሞል በሚባለው የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም የሚከፈቱ የምሳሌ ስክሪፕቶች አሉን፤ ከፊሎቹ ከእኔ በፊት ያስተማሩ ሰዎች የተዉልን ሲሆኑ፣ ከፊሎቹን ደግሞ እኔው ራሴ ከዚህም ከዚያም እየቀዳሁ የጻፍኳቸው ናቸው። ሁሉም አንድ ጠባይ ነበራቸው፦ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። የካፌይንን 24 አቶሞች አሳይቼ ማዮግሎቢን የሚለውን ቁልፍ ስጫን ምንም አይመጣም፤ ካፌይኑ መዞሩን ይቀጥላል፣ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይጮኻል፣ እኔም በተማሪዎች ፊት ፕሮግራሙን ዘግቼ እንደገና እከፍታለሁ። ቀደም ሲል ያማከርኩት ሌላ ሰው ችግሩን የኮምፒውተሩ ማርጀት ነው ብሎ አዲስ እንድንገዛ መክሮን ነበር።

ይህ ባለሙያ ግን ምንም ከመንካቱ በፊት «የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የዋህ መስሎኝ «ሞለኪውሉ ነዋ» አልኩት። እሱ ስክሪፕቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ፣ እኛ በአንድ ስም «አኒሜሽን» የምንለው ነገር በውስጡ የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን እንደያዘና እያንዳንዱም የራሱ ማቆሚያ እንዳለው አሳየኝ። «ስፒን ኦን» የሚለው ትእዛዝ አንዴ ከተሰጠ ስክሪፕቱ ተነብቦ ካለቀ በኋላም ከጀርባ መሥራቱን ስለሚቀጥል፣ መጨረሻ ላይ «ኤግዚት» ብሎ መጻፍ ንባቡን እንጂ መዞሩን አያስቆምም፤ «ስፒን ኦፍ» መባል አለበት። ተከታታይ ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) የሚታዩበት ምሳሌ ደግሞ «አኒሜሽን ሞድ ሉፕ» ከሆነ መጨረሻው ፍሬም ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ «ፓሊንድሮም» ከሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፣ «ዋንስ» ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ሄዶ ይቆማል።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት የካፌይኑ ነበር። የፋይሉ የመጨረሻ መስመር «ሉፕ» ይላል፤ ይህም ስክሪፕቱን ከመጀመሪያው መስመር ያስነሳዋል። ጄሞል አዲስ የሚመጣለትን ስክሪፕት ከሚሠራው ኋላ በወረፋ ስለሚያስቀምጥ፣ የማያልቅ ስክሪፕት ካለ የሚቀጥለው ተራው አይደርሰውም። የማዮግሎቢን ቁልፍ አልሠራ ያለኝ ለካ ተበላሽቶ ሳይሆን ወረፋ ይዞ ነው! ባለሙያው በየቁልፉ ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ጨመረ፤ ይህ ምልክት በሥራ ላይ ያለውን ስክሪፕት አቋርጦ አዲሱን ያስቀድማል። ከዚያ «ሉፕ» የሚለውን መስመር አውጥቶ፣ በየእርምጃው 10 ዲግሪ የሚያዞር፣ 36 ጊዜ ብቻ የሚደጋገም ትእዛዝ ተካበት፤ ሞለኪውሉ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ያርፋል።

እዚህ ላይ ሥራው አልቆ ነበር ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን የት ላይ እንደሚያርፍም ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ማዮግሎቢን አንድ ሄም (ብረት የያዘ ክፍል) ብቻ ያለው ፕሮቲን ነው፤ እንቅስቃሴው ሄሙ በሄሊክሶቹ፣ ማለትም በፕሮቲኑ ጥቅልል ክፍሎች፣ ተሸፍኖ ባለበት አቅጣጫ ቢቆም ተማሪው የሚያየው ጥቅልል ጥብጣብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሄሙና ከብረቱ ጋር የተያያዘው ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ ፊት ለፊት የሚታዩበትን አቅጣጫ አብረን መረጥን፤ እሱም እይታውን ወደተመረጠ አቅጣጫ በሚወስደው በ«ሙቭቱ» ትእዛዝ መጨረሻው ላይ አሰፈረው። አሁን ምስሉ ሲቆም እኔ ማስረዳት የምጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

ስህተት አልሠራም አልልም። የውሃን ሦስት የንዝረት ዓይነቶች የሚያሳየውን ምሳሌ 2 ሰከንድ ላይ እንዲቆም አድርጎት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የቦንዶቹን መለጠጥ ከማዕዘኑ መታጠፍ መለየት አይቻልም። ስነግረው ሳይከራከር በዚያው ቀን ወደ 10 ሰከንድ አራዘመው፣ ተመልካቹ ሲፈልግ የሚያቋርጥበትን ቁልፍም ጨመረ። ካስተካከላቸው መስመሮች ጎን ለምን እንደተለወጡ በአማርኛ የአስተያየት መስመር ጽፏል፤ በዚህም ምክንያት ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ምሳሌ ያለ እሱ እርዳታ ማስተካከል ችያለሁ።

ፓይሞል በሚባለው ሌላ የሞለኪውል ማሳያ ፕሮግራም የተዘጋጁ ምሳሌዎችንም ይሠራል፤ እዚያ ፊልሙ እንዳይደጋገም የሚያደርገው ሴቲንግና «ኤምስቶፕ» የሚባለው የማቆሚያ ትእዛዝ ከጄሞሉ ስለሚለዩ፣ የትኛውን ፕሮግራም እንደምትጠቀሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስክሪፕቶቹን ስትልኩለት የሚጭኗቸውን የሞለኪውል ፋይሎች አብራችሁ ላኩ፤ እያንዳንዱ ምሳሌ ሲያርፍ ምን እንዲታይ እንደምትፈልጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት፤ ይህን መጠየቁ አይቀርም።